አመድ ያልተስማማቸው አዛሊያዎች

አንድ ማለዳ በሜክሲኮ፣ በሶቺሚልኮ ቦይ ዳር የሚያሻግረኝ ታንኳ ስጠብቅ፣ ጎረቤቴ ዶን ፊደንሲዮ አዛሊያ የሚባሉ የገረጡ አበቦችን ከነማሰሯቸው ታንኳቸው ላይ ሲጭኑ አገኘኋቸው። አጠገባቸው የወንድማቸው ልጅ አራሴሊ ቆማለች። ከእርሻ ትምህርት ቤት ተመርቃ መመለሷን ሰምቼ ስለነበር እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። እሳቸው ግን ቀና ሳይሉ አበቦቹን ሊጥሏቸው እንደሆነ ነገሩኝ። በየዓመቱ እንዲህ ቢጫ እየሆኑ ስላስቸገሯቸው፣ ከአባታቸው የወረሱትን ቦታ ለጀልባ ማቆሚያ ሊያከራዩት ቆርጠዋል።

አራሴሊ አስፈቅዳ አንዱን ማሰሮ አነሳች። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል።

«አጎቴ፣ ቢቆጡኝም እናገራለሁ» አለች። «እነዚህ አበቦች ርቧቸዋል።»

«ርቧቸዋል? በየሳምንቱ ከምድጃዬ አመድ እየዛቅሁ የምመግባቸው እኔ አይደለሁም?»

«የሚያስርባቸው አመዱ ነው። አዛሊያ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው። የእኛ ጭቃ ድሮውንም ኖራ የበዛበት ነው፣ የቦዩም ውሃ እንደዚያው። አመድ ሲጨመርበት፣ አፈሩ ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሥሩ መሳብ ያቅተዋል።»

ዶን ፊደንሲዮ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «አባቴ እኮ በዚሁ አመድ ነው አምርቶ እኛን ያሳደገው። አንቺም የተማርሽው በዚሁ ነው። ዛሬ ዲፕሎማ ይዘሽ መጥተሽ አመዴን ትሰድቢያለሽ?»

«አያቴን መንቀፌ አይደለም። እሳቸው የሚተክሉት ቆስጣ ነበር፤ ቆስጣ አመድ ብዙም አይጎዳውም። አዛሊያ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ማሰሮ ውስጥ ደግሞ ሥሩ የትም አይሸሽም፤ የሰጡትን ብቻ ይበላል።»

እኛ በዕድሜ የገፋን ሰዎች፣ ራሴንም ጨምሬ፣ ልጆቻችንን ለማስተማር እንደክማለን፤ የተማሩትን ሲነግሩን ግን ይከፋናል። ስለዚህ ነገሩን በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል ብዬ ጣልቃ ገባሁ። አራሴሊ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላ ሐምራዊ ውሃውን በብርጭቆዎች አመጣች። በአንዱ ሎሚ ስትጨምቅበት ቀላ፤ በሌላው አመድ ስትነሰንስበት ወደ አረንጓዴ ሄደ። ከዚያ ማንኪያውን ለአጎቷ ሰጥታ፣ ከገዛ ማሰሯቸው አፈር በሦስተኛው ብርጭቆ እንዲጨምሩ ለመነቻቸው።

ጨመሩ። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት።

«አመዱን ይመስላል» አሉ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

ታንኳው ላይ የተጫነው ሁሉ ወረደ። አሮጌውን አፈር ከሥሩ አራግፈው፣ አበቦቹን በበሰበሰ የጥድ ቅጠል አፈር መልሰው ተከሏቸው፤ የዝናብ ውሃም ከጣሪያ በበርሜል አጠራቀሙ። ዶን ፊደንሲዮ አፈሩን የሚያኮመጥጠውን የድኝ ዱቄት ሲቀላቅሉ መጠኑን ስላበዙ አራሴሊ እጃቸውን ያዘች። አፈር ከልክ በላይ ሲኮመጥጥም ሥር እንደሚጎዳ፣ ድኝ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ እየመረመሩ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ አስረዳቻቸው። እሺ አሉ፤ ሆኖም በየማለዳው ቅጠል ሲያገላብጡ ከአጥሬ ማዶ አያቸው ነበር።

ክረምቱ ከገባ በኋላ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ወጣ። በከተማው ዓመታዊ የአበባ ትርዒት ቀን የዶን ፊደንሲዮ አዛሊያዎች ቅጠላቸው በአበባ እስኪሸፈን ድረስ አብበው ከሁሉ አንደኛ ተባሉ። ሌሎቹ አበባ አምራቾች ምን መድኃኒት አግኝተው ነው እያሉ ከበቧቸው። እኒያ ግትር ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የምትተክሉት ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ ሳታውቁ ምንም አትመግቡት» አሏቸው። «አፈሩን መርምሩ፣ ቀስ ብላችሁ አስተካክሉ፣ የዝናብ ውሃም አታባክኑ። ያኔ ተክላችሁ አይሞትም፣ ድካማችሁም ከንቱ አይቀርም። እኔ ይህን ባለማወቄ ስንት አበባ ጣልኩ።»

ከዚያም አራሴሊን በክንዷ ይዘው ከአበቦቹ ፊት አቆሟት።

«የቀረውን እሷን ጠይቁ። ከእንግዲህ የአባቴ ቦታ የእሷ ነው።»