ይሉኝታ የሌለው እድር

ስልኩ ሲጮህ የእድሩ ዳኛ ግራዝማች ስብሐት እጃቸውን መነጋገሪያው ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። ፊት ለፊታቸው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቶለሳ ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ሥር ቆመዋል። ሁለቱም የሚጠብቁት ከእርሳቸው አፍ የሚወጣ አንድ ቃል ነው።

— ሄሎ! የግራዝማች ስብሐት ቤት ነው... አቤት?... ማን ልበል?... ቦጋለ! ምነው ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ?... ከመኪናው ክፍል ነህ? እንግዲያው ራቅ ብለህ ተናገር፤ ኳኳታው ጆሮዬን በሳው... እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

— ቶለሳ፣ አትነሣ አልሁህ። የእኅቴ ልጅ ነው፤ ያ ኮምፒውተር ከሚሉት መኪና ጋር የሚውለው።

— እህ፣ ቦጋለ። ነገሩ አለቀልህ?... በጎ። ያዘዝሁህን ታስታውሳለህ፤ ለቅሶ ደጋግሞ የቀረ አባል ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ቤቱ ሐዘን ቢገባ ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳንም አይተከልለትም። ይህ ደንብ ባይኖር እድሩ እንደሚፈርስ መኪናህ በሒሳብ አረጋግጦ ይንገረን ብዬ ነበር። እንግዲህ አሰማኝ... ምን?... እስቲ ድገመው... የሚያፈርሰው ደንቡ ነው?

ግራዝማች መነጋገሪያውን ከጆሯቸው አርቀው ገላመጡት፤ ጥፋተኛው እርሱ ይመስል።

— ስማ፣ ልጄ። እኔ ለዳኝነት ከተመረጥሁ ወዲህ በዚህ ሰፈር አንድ ሬሳ ቀባሪ አላጣም። ዛሬ አንተ መብራት የሚጠጣ ብረት ይዘህ መጥተህ... አልተቆጣሁም! ድምፄ ነው... እሺ፣ አስረዳኝ። ከሥሩ ጀምር።

— እህ... የሌሉ ሰዎች ፈጠርህ... ለያንዳንዱ ጠባይ ሰጠኸው፤ አንዱ ትጉህ፣ አንዱ ሰነፍ... እሺ... አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ቀብር መሄድ አለመሄዳቸውን እንደየጠባያቸው ይወስናሉ... ዓመቱን በደቂቃ ያሳልፈዋል? ማን አጣደፈው?... ስማቸውስ?... ስም የላቸውም? ቁጥር ብቻ? ቁጥር ሲሞት ማን ደረቱን ይመታል?... እኔስ አለሁበት?... አንደኛ ቁጥር። ይሁን፤ እርሷን እንኳ ደግ አድርገሃል።

— የሺ፣ አትሣቂ! ሐዘን ያለበት ሰፈር ነው።

— ምን አልህ?... አዎን፣ ሐዘን አለ። አልሰማህም? የለታ ሚስት አፀደ ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች... አዎን፣ ያ የሰረዝነው ለታ፤ የፋብሪካው ዘበኛ... ሌሊት ሲጠብቅ እንደሚያድር አውቃለሁ። ቀን እንቅልፉን ትቶ መምጣት ነበረበታ! ደንብ ለሚተኛና ለማይተኛ ተብሎ አይወጣም... አየህ፣ አሁን ጥድፊያዬ ገባህ። ቀብሯ በዘጠኝ ሰዓት ቁስቋም ነው። ቶለሳ ፊቴ ተቀምጧል፤ ንፋ ካልሁት ደንቡ ፈረሰ፤ አትንፋ ካልሁት... አንጀቴ እንዴት እንደቻለ አትጠይቀኝ! እኔ የምፈልገው ማስረጃ ነው።

— ቀጥል። የተሰረዘው ሰው በመኪናህ ውስጥ ምን ያደርጋል?... የማንም ቀብር አይሄድም። ይቅራ!... እ?... ጎረቤቱም ይቀራል? እርሱ ደግሞ ምን ቤት ነው?... ያኛው ሲቀር እያየ... ከዚያ እርሱም ይሰረዛል። ከዚያ የእርሱ ጎረቤት... በቃ፣ ገባኝ! መጨረሻ ላይ ማን ተረፈ?... አንደኛ ቁጥር? ብቻዬን? ደንቡን ይዤ?

ቶለሳ ወደ ጣራው አየ። ወይዘሮ የሺ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ግራዝማች ግን ወገባቸውን አቀኑ፤ መልስ አግኝተዋል።

— ሄሎ፣ ቦጋለ፣ ትሰማኛለህ? ለነዚህ ቁጥሮችህ ይሉኝታ ሰጥተሃቸዋል?... ይሉኝታ!... ታዲያ የየት አገር ሰዎች ናቸው? የጉለሌ ሰው ቀብር የሚሄደው ሒሳብ ሠርቶ ነው? ነገ ዊንጌት አውቶቡስ ስጠብቅ እገሌ ያየኛል፣ ምን ይለኛል ብሎ ነው። ቢታመም እንኳ እየተንቀጠቀጠ ድንኳኑ ደጃፍ ደርሶ፣ ታይቶ ይመለሳል። ደንቡን አስታውሶ የመጣ አንድ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም የሚፈራው የሰው ዐይን ነው! ይሉኝታ የሌለው እድር ሠርተህ ፈረሰ ትለኛለህ? ድሮስ ምን ሊያቆመው!

— እ?... እርሱንም ሞክረኸዋል? ታዲያ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ልጅ!... ይሉኝታ ሲጨመርበት ይቆማል? ቶለሳ፣ ሰማህ? ይቆማል!... ቆይ ቆይ፣ ምን አልህ?... ደንቡ ሳይኖር ነው የሚቆመው? ማንም ሳይሰረዝ?... ደንቡ ሲገባበትስ?... ይሉኝታም እያለ ይፈርሳል? ስለ ምን?

በዚያ ጫፍ ያለው መልስ ረዘም ያለ ነበር። ግራዝማች ሳያቋርጡት ሰሙ፤ ይህም ልማዳቸው አይደለም።

— ...የተሰረዘ ሰው የሚያፍረው ሰው የለውም። ከመካከላችን ወጥቷልና የሚያየው ዐይን የለም... ይህን ያለው መኪናው ነው ወይስ አንተ?... እኔ? እኔ መቼ አልሁ?... ሁሉም የሚፈራው የሰው ዐይን ነው... ብያለሁ። አዎን፣ ብያለሁ፤ ደግሞ አትድገምልኝ!... አለሁ፣ አልተቋረጠም።

— ምንድን ነው የሺ? ስልክ ላይ ነኝ እኮ... ለታ ቤት ማን ገባ?... ባለሱቁ ሳቢት? እርሱ እድርተኛ አይደለም!... ሱቁን ዘግቶ?... አግዳሚ ወንበርም ተሸክሞ። ሌላስ?... ሌላው በየደጁ ቆሞ ወዴት ያያል?... ወደኛ ቤት።

ግራዝማች መጋረጃውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ወዲያው ለቀቁት።

— ቦጋለ፣ ሳቢት ለታ ቤት ገብቷል። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ማኅበሩ ሌላ፤ እርሱ ገብቷል። ዳኛው ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ሒሳብ ያሠራል... እንግዲህ ምን ይሉኝ!... አንተም ትሥቃለህ? ልብ አድርግ፤ መኪናህን አላመንሁትም። ስም የሌለውን ሰው ምስክርነት አልቀበልም።

— ቶለሳ፣ ተነሣ!... ወዴት ማለት ምን ማለት ነው? ከላይ ከቁስቋም ጀምረህ ወደ ታች ውረዳ! ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን ድረስበት። የአባላችን የለታ ባለቤት ወይዘሮ አፀደ ዐርፈዋል ብለህ ጥራ... አዎን፣ አባላችን! ጆሮህ አይሰማም? ድንኳኑንም የሚያወጡ ሰዎች ላክልኝ።

— ሄሎ... አለሁ። ደንቡን እሑድ በጉባኤ ፊት እኔው እሽረዋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲሽርልኝ አልፈልግም። አንተ ግን ዘጠኝ ሰዓት ቁስቋም እንገናኝ... ሥራ አለብኝ?... ለመኪናህ ካርድ መብሳት ነው ሥራው?... አትምጣ እንግዲህ። ማንም አይሰርዝህም። አንድ ቃል አልናገርህም... ትመጣለህ? እንዲያ በል።

ከውጭ ጥሩምባው መጮህ ሲጀምር ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

— በል ልዝጋው፣ ልጄ። ከሁሉ በፊት ለታ ፊት መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ... ምን እንደምለው? እንጃ... እንጃ፣ ቦጋለ። ደጁ ድረስ ልሂድና ከዚያ ወዲያ እንጃ።

መነጋገሪያውን በቦታው አስቀመጡ።