ስሜ በቦልድ ሲጻፍ

እዚህ መቱ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ከሞተ ወዲህ መርዶ የምንሰማው በቴሌግራም ግሩፓችን ነው። ታዲያ ሁሉም ቦልድ በሚሉት ደማቅ ፊደል የፈለገውን እየጻፈ አሰለቸን። "በቦልድ የሚጻፈው የሟች ስም ብቻ ይሁን" ብዬ ያስወሰንኩት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጺሜን እየተላጨሁ ሳለ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሲያዩኝ ቀጥ አሉ። "አለህ እንዴ?" አሉኝ፣ እንደ መቀየም ብለው።

ስልኬን ብከፍት ሊቀመንበራችን ጋሼ ቶሎሳ "ገመቹ የድንኳን ቤቱን ቁልፍ ይመልስ" ብለው ጽፈዋል። ስሜን ብቻ በቦልድ። ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ምን አድርጌዎት ነው የገደሉኝ?"

"ቶሎ እንድታየው ብዬ ነው እንጂ። ቆይ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።"

አስተካከሉት። "ገመቹ አልሞተም" ብለው ጻፉ፤ ስሜ አሁንም በቦልድ። በእኛ ግሩፕ ደግሞ ደማቅ ስም ካየ በኋላ ቀጥሎ ያለውን የሚያነብ የለም፣ ነጠላውን ነው የሚፈልገው። አክስቴ ሳትቀር ከቡሬ መኪና ተሳፍራ እያለቀሰች መጣች። ሲመረኝ ራሴ "አለሁ፣ አትምጡ" ብዬ ጻፍኩ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝና በተራ ፊደል ጻፍኩት። ማንም አላነበበውም። ከሰዓት በኋላ ለቅሶዬ ድንኳን ሊተክሉ የመጡት ሰዎች ቁልፉን የጠየቁት እኔኑ ነው።