ጋሽ ሽበሺ ለአዴ ለጢፋ ደግመው ያሳዩት ፊልም

መቀመጫ ያጣችሁ ደረጃው ላይ አረፍ በሉ፤ ዛሬ የጋሽ ሽበሺ መሸኛ ነው፣ ትኬት አልጠይቅም። ትኬት ቆራጯ ፈድሊያ ለአንድ ቀን ተናጋሪ ሆናለች። ጋሽ ሽበሺ፣ እርስዎ እዚህ ፊት ለፊት ይቀመጡልን። ሁልጊዜ ከኋላችን፣ ከማሽኑ ጋር ስለነበሩ ፊትዎን በደንብ ያየነው ጥቂቶች ነን።

ጋሽ ሽበሺ ጅማ የገቡ ቀን ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ሲኒማ ቤታችን የደረሱት ሕዝቡ አዳራሹን ከሞላው በኋላ ነው። ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ወደ ማሽኑ ክፍል ወጡና በጥድፊያ የፊልሙን ጥቅሎች ተራ አቀያየሩት። ዋናው አክተር ሞተ፣ ተለቀሰለት፣ ተቀበረ። ትንሽ ቆይቶ ሰርጉ ላይ ሲጨፍር አየነው። እኔ ሕዝቡ ሊደበድበን ነው ብዬ የትኬት መስኮቴን ዘጋሁ። አንድ የሄርማታ ሰፈር ሽማግሌ ግን ሲወጡ መስኮቱን አንኳኩና፣ «ሱብሐነላህ፣ ዘንድሮ ጥሩ ፊልም አመጣችሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን ማዞር ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም በማይክሮፎን ያስረዱን ጀመር፤ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በኦሮምኛ። ሁለት ሰዎች ሲሳሳሙ ምን ይሉ እንደነበር ከድሮዎቹ የማያስታውስ አለ? «ሰላምታ እየተለዋወጡ ነው» ይሉ ነበር። መሳሳሙ ሲረዝም ልጆቹ ያፏጫሉ፣ ጋሽ ሽበሺ ደግሞ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «ሰላምታው ገና አላለቀም፤ ታገሱ» ይላሉ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ብዙ ነው። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ያኔ ያልተወራ ነው። አሁን ዓመታት አልፈዋል፣ ካድሬው ጓድ ዘለቀም ከክፍለ ሀገሩ ከተዛወረ ቆይቷል፣ እዚህ ያለነውም የቤት ሰዎች ነን።

የሶማሌው ጦርነት ጊዜ ነው፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት። በከዋክብት መካከል ስለሚጓዝ መርከብ የሚያወራ የውጭ ፊልም መጣልን። መርከቡ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜም በማዕረግም የሚያንስ አንድ መኮንን አለ። የሞተሩ ክፍል በእሳት ሲያያዝ አዛዡ እሱን ወደ ታች ይልከዋል። ልጁ ሳይመለስ አዛዡ «በሩን ዝጉ» ብሎ ያዛል። መርከቡ ዳነ፣ ልጁ እዚያው ቀረ። ከዚያ ተሰብስበው ጀግና ነበር ይላሉ፣ ፊልሙ ያልቃል።

ከተማው በዚህ ፊልም ተከራከረ። ጊንጆ ሰፈር ሻይ ቤት ብትገቡ ወሬው እሱ ነው። «አውቀው ነው የዘጉበት» ይላል አንዱ፤ «የለም፣ የወጣ መስሏቸው ነው» ይላል ሌላው። ይሄን ጊዜ ነው ጓድ ዘለቀ የመጣው፤ ፊልሞቻችንን የሚቆጣጠረው ካድሬ እሱ ነበር።

«ጓድ ሽበሺ፣ ልጁ ወዶ ነው የቀረው እያልክ ታስረዳለህ» አላቸው።

«ፊልሙ እንደዚያ አይልም እኮ።»

«ፊልሙ አማርኛ አይናገርም። የምትናገረው አንተ ነህ።»

ጋሽ ሽበሺ የልጆች አባት ናቸው። የታዘዙትን ተናገሩ። እኔ ከመስኮቴ እሰማቸው ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እየፈጠነ ያልፋል።

አንድ እሑድ፣ የቀኑ ፊልም አልቆ አዳራሹን ስጠርግ፣ አንዲት ሴት ከወንበራቸው አልተነሱም። አዴ ለጢፋ ናቸው፣ ከአጋሮ። ልጃቸው ምክትል መቶ አለቃ ሙሐመድሳኒ ከግንባር አልተመለሰም። ጦሩ ሲያፈገፍግ ድልድይ ተሻግሮ ድልድዩን አፍርሶታል፣ ልጁ ወዲያ ማዶ ቀርቷል። «አለመሻገሩን አላወቅንም ነበር» ብለው ነው ከጦሩ የመጡ ሰዎች መርዶውን የነገሯቸው። ይሄን የሚመስል ፊልም ጅማ ይታያል ሲባል ሰምተው መኪና ተሳፍረው መጡ።

ጋሽ ሽበሺ ከማሽኑ ክፍል ሲወርዱ አዴ ለጢፋ በኦሮምኛ ጠየቋቸው።

«ወንድሜ፣ ልጁ ወዶ ቀረ አልክ። በራሱ አፍ ነው ያለው?»

«አይ፣ እሱ እንኳ አላለም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

ጋሽ ሽበሺ ተመልሰው ወደ ማሽኑ ክፍል ወጡ፣ የመጨረሻዋን ጥቅል አስገቡና ለአንዲት ሴት ብቻ ደግመው አዞሩት። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አዛዡ በሩ ፊት ሲቆም ጋሽ ሽበሺ ማሽኑን እየዞረ ትተውት ወርደው አዴ ለጢፋ አጠገብ ተቀመጡ።

«ከበሩ በላይ ያለችውን መብራት ይዩ። ሰው ከውስጥ ካለ ነው የምትበራው። አሁን አዛዡን ይዩት። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ ነው ዝጉ ያለው።»

አዴ ለጢፋ ዓይናቸውን ከሸራው ሳይነቅሉ ተናገሩ።

«አውቋል እንግዲህ።»

«አዎ፣ አውቋል።»

«አልረሱትም ማለት ነው» አሉ። «እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ልጄን የረሱት መስሎኝ ነው። ካወቁ ግን የምጠይቀው ሰው አለኝ።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ቀጥሎ ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ ጋሽ ሽበሺ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን አላፈጠኑም። «እስከ ዛሬ ወዶ ቀረ ስላችሁ ነበር። ፊልሙ ይሄን አይልም። መብራቷን እዩ፤ አውቀው ነው የዘጉት» አሉ፤ በአማርኛ፣ ደግሞ በኦሮምኛ። ያፏጨ ሰው የለም። ከኋላ ወንበር አንድ አባት ተነስተው ኮፍያቸውን አወለቁ። እሳቸውም ልጃቸውን ወደ ግንባር ልከው ነበር።

ጋሽ ሽበሺን በማግስቱ ከሥራ ላይ ወስደው አሰሯቸው። ስንቅ ይዘን ከባለቤታቸው ከእመት አሰገደች ጋር እየተመላለስን ክረምቱ አለፈ። ሲፈቱ ማሽኑን እንዲያዞሩ ተፈቀደላቸው፣ ማስረዳቱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ብዙዎቻችሁ ከዚያ በኋላ ስለተቀጠራችሁ የምታውቋቸው ዝምተኛ ሰው አድርጋችሁ ነው። ዝምተኛ አልነበሩም።

አዴ ለጢፋ የልጃቸውን አዛዥ አገኙት። ቆስሎ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበርና እስኪሻለው ጠበቁት። የሆነውን ለእኔ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። «አውቅ ነበር» አላቸው። «በሬዲዮ ‹ጠብቁኝ› ብሎናል። ብንጠብቀው ሁላችንም እናልቅ ነበር። አልጠበቅነውም።»

«ምን አሉት ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የልጄን ስም በአፉ አስጠራሁት። ሲጠራው አለቀሰ። እኔም ማልቀስ የቻልኩት ያን ቀን ነው።»

ይቅር አሉት ወይ አትበሉኝ፤ አልጠየቅኳቸውም።

ጋሽ ሽበሺን ግን አንድ ጊዜ ደፍሬ፣ «አይቆጭዎትም?» ብያቸዋለሁ። አሁን እንደሚያደርጉት መሬት መሬት እያዩ፣ «ይቆጨኛል እንጂ። ልጆቼ ያለ እኔ ከርመዋል፣ አሰገደችም ጤናዋን ያጣችው ያኔ ነው። ግን ፈድሊያ፣ ሴትየዋ ስትጠይቀኝ ሌላ የምለው ነገር አጣሁ» አሉኝ።

ጋሽ ሽበሺ፣ ይሄን ያወራሁት አፍንጫዎን ላስነፋዎ ብዬ አይደለም። ያኔ ሁላችንም ፈርተን ነበር፤ አመሰግናለሁ ያለዎት ሰው አልነበረም። ስለ አዴ ለጢፋ አመሰግናለሁ። ኮፍያቸውን ስላወለቁት አባትም አመሰግናለሁ። እመት አሰገደች፣ ለእርስዎም ምስጋናው እኩል ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት እርስዎ ነዎት።

አሁን እንግዲህ ጠጅ የያዛችሁ ጠጃችሁን፣ እንደ እኔ ብርዝ የያዛችሁ ብርዛችሁን አንሱ። ጋሽ ሽበሺ፣ ሊሙ ልጅዎ ዘንድ ሄደው ሊኖሩ ነው ሲባል ሰምተናል። አላህ ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያድርግልዎ። የተከሉት ቡና ያፍራልዎ፣ እመት አሰገደችም አየሩ ይስማማቸው። በርዎ ላይ መጥቶ የቸገረውን ነገር የሚጠይቅ ሰው አይጥፋ፤ እርስዎም እንደሚያውቁበት ቀስ ብለው፣ አጠገቡ ተቀምጠው ይመልሱለት።

ለጋሽ ሽበሺ።