አለቃ ተድባብ በአንድ ዓይን

ሞጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊው የአለቃ ተድባብ ቤት፤ አዲስ አበባ ሥዕል የምትማረው ልጃቸው ትርንጎ ለንግሥ መጥታለች፣ አለቃም የሥዕል ደብተሯን ገልጠው አይተውታል።

አለቃ፦ ቅደጂው! እዚሁ እፊቴ ቅደጂው!

ትርንጎ፦ አልቀድም። ሰው የሰው ደብተር ሲገልጥ ያስፈቅዳል።

አለቃ፦ በገዛ ቤቴ? የወለድኳትን ላስፈቅድ? እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼ ማነው?

ትርንጎ፦ እርስዎ ነዎት። አይመስልም?

አለቃ፦ መምሰሉማ ይመስላል! አፍንጫዬ፣ ጥምጥሜ፣ የጉንጬ ስርጉድ ሳይቀር። ሁለተኛው ዓይኔስ የታለ?

ትርንጎ፦ ከጎን ሲያዩት የማንም ሰው ዓይን አንድ ነው፣ አባባ።

አለቃ፦ አንቺ! ቀለም በጥብጠሽ ያደግሽ ልጅ ይኼን ትይኛለሽ? በሰባት ዓመትሽ ምን ነበር ያስተማርኩሽ?

ትርንጎ፦ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ይሳላል።

አለቃ፦ ሰይጣንስ?

ትርንጎ፦ በአንድ።

አለቃ፦ ይሁዳስ?

ትርንጎ፦ በአንድ።

አለቃ፦ አባትሽስ? አርባ ዓመት መላእክት ስስል የኖርኩትን ሰውዬ ከይሁዳ ጎን አቆምሽኝ! ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ይኼን ነው የሚያስተምሯችሁ?

ትርንጎ፦ የምናየውን እንድንስል ነው የሚያስተምሩን። ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥልናል፣ እርሳስ ዘርግተን ከግንባሩ እስከ አገጩ እንለካለን።

አለቃ፦ ሰው እንደ ጣውላ ይለካል? እኔ ገብርኤልን ማንን አስቀምጬ ነው የሳልኩት? ሰው አስቀምጦ ማፍጠጥ ያላዋቂ ሥራ ነው!

ትርንጎ፦ መምህራችን “በደንብ የምታውቁትን ፊት ስላችሁ ኑ” አለን። ከመጣሁ አራት ቀኔ ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብለው አይተውኛል? እንጀራ ሳቀርብ ወደ ግድግዳ፣ ሳናግርዎ ወደ ግድግዳ። ጎንዎን ሰጡኝ፣ ጎንዎን ሳልኩ።

አለቃ፦ እርሳስሽን ትተሽ ምላስሽን ነው የቀረጽሽው።

ትርንጎ፦ ለመሆኑ ማነው ቀድሞ የጀመረው?

አለቃ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ፣ በሴቶች በኩል ያለውን አዲሱን ሥዕል መጋረጃውን ገልጬ አየሁት።

አለቃ፦ ማን ግለጪ አለሽ? ለንግሥ ነው የሚገለጠው!

ትርንጎ፦ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሲወገር። ከወጋሪዎቹ መሐል አንዲት ሴት አለች፣ ድንጋይ ይዛ፣ በአንድ ዓይን። ከከንፈሯ ሥር ደግሞ ማርያም ስማታለች።

አለቃ፦ በሞጣ ማርያም የሳመችው አንቺን ብቻ ነው?

ትርንጎ፦ በግራ በኩል ከከንፈር ሥር፣ አዎ፣ እኔን ብቻ ነው! ከነገ ወዲያ አገር ይሳለማል። ያሳደጉኝ ሴቶች ያንን ግድግዳ ስመው ቀና ሲሉ እኔን ያያሉ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ማንን ነው በድንጋይ የመታሁት?

አለቃ፦ እኔን! እኔን ነዋ! እናትሽ በሞተች በዓመቷ፣ ግድግዳው ተጋምሶ ሳለ ማነው ጥሎኝ የሄደ? መሰላል የሚይዝልኝ ጠፍቶ ወገቤን በገመድ ከመሰላሉ ጋር አስሬ ነው የጨረስኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ!

ትርንጎ፦ “ከፈለግሽ ሂጂ” ያሉኝ እርስዎ!

አለቃ፦ ትሄጂያለሽ ብዬ ነው?

ትርንጎ፦ ስደውል ስልኩን ለጎረቤት ይሰጣሉ። እኔን መሳደብ አቅቶዎት ነው በእስጢፋኖስ ግድግዳ ላይ የተወጡት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

አለቃ፦ ሆን ብዬ አይደለም። ሴቲቱ ጋ ስደርስ እጄ ተናደደ።

ትርንጎ፦ የተናደደ እጅ ማርያም የሳመችኝን ቦታ አልሳተም።

አለቃ፦ እሱን እንኳ ጨለማም ቢሆን አይስትም።

ትርንጎ፦ የእኔ ወረቀት ነው፤ ይኸው ብበጫጭቀው ያልቃል። የእርስዎ ግን ግድግዳ ነው። እኔ ሞቼም እዚያ ቆሜያለሁ፣ ድንጋዬን ይዤ።

አለቃ፦ እሺ በቃ፣ አንድ ዓይን ልጨምርልሽ።

ትርንጎ፦ በጎን ፊት ላይ ሁለት ዓይን? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ተፍቆ፣ ፊቱ ዞሮ፣ እንደ አዲስ ነው የሚሳለው።

አለቃ፦ በሁለት ቀን? እጄን አታይውም ሲንቀጠቀጥ?

ትርንጎ፦ ድንጋዩን ሲያስይዘኝ አልተንቀጠቀጠም።

አለቃ፦ መሰላሉንስ ማን ሊይዘው?

ትርንጎ፦ እኔ እይዘዋለሁ። ድንጋዩንስ ምን ያደርጉታል?

አለቃ፦ ድንጋዩን ለእኔ ተይው።

ትርንጎ፦ ታዲያ ደብተሬን ይዘው ወዴት ነው?

አለቃ፦ ወደ መስኮቱ፣ ብርሃን ወዳለበት። እርሳስሽን ስጪኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጪልኝ። ማርያም የሳመችሽን ቦታ ሳላይ አውቀዋለሁ፤ ሁለቱ ዓይኖችሽ ግን ጠፍተውብኛል።