አሥር ቃል በደቦ

ከጫኖ ወደ ሲቀላ በሚኒባስ ስንመጣ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ገበሬ አጠገቡ ላለችው ሴት ይናገር ነበር።

«እህቴ፣ አራተኛ ክፍል ላለች ልጅ ዜሮ ይሰጣል?»

«ማን ሰጣት?»

«የእንግሊዝኛ መምህሯ ነዋ! አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ የሚባሉት ፊደላት ተከታትለው ያሉባቸው አሥር ቃላት ጽፋችሁ ኑ አላቸው። እኔ ከየት ላምጣ?»

«አላገኙም?»

«አገኘሁ እንጂ! ሰፈሩን ስዞር ዋልኩ። ጥበቃው ‹ናይት› ሰጠኝ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ‹ላይት›፣ ወንጌላዊው ‹ራይት›። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥር ሞላሁ።»

«ታዲያ ተሳሳቱ?»

«አንዱም አልተሳሳተም!»

«ዜሮው ከየት መጣ ታዲያ?»

«ደብተሩን እየሰጠኋቸው ሁሉም የየራሱን ቃል በእጁ ጻፈ። መምህሩ አሥር ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ‹ራሷ አልሠራችውም› አለ። እርሻው በደቦ፣ ቤቱ በደቦ፤ ይሄ ብቻ ነው ነውር የሆነው?»

«ልጅቷስ?»

«አልማርም ብላ እቤት ቁጭ ብላለች። ‹ወላጅ ሳትይዢ እንዳትመጪ› ብሏታል።»

«እና ብቻዎን ሊሄዱ ነው?»

«የምን ብቻ!» አለና ከእኔ ኋላ ወዳሉት ዞሮ አመለከተ። «እነዚህ ከኋላ የተቀመጡት በሙሉ ደብተሩ ላይ የጻፉት ናቸው።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አብሬያቸው ወደ ትምህርት ቤቱ አለፍኩ።