ጋሼ ያሰረው ጎማ

አባቴ «ታላቅ ወንድም አባት ነው» ማለት ይወድ ነበር። እኔም ላምበረት አጠገብ ጋራዥ ስከፍት፣ አዝሎ ያሳደገኝን ታላቅ ወንድሜን ጋሼን ቀጠርኩት። ማንም ጎማ ቢያስር፣ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ብሎኑን እኔ ራሴ አጠብቄ አያለሁ፤ ሕጌ ነው። አንድ ጠዋት ጋሼ ወዳሰረው የሚኒባስ ጎማ መፍቻ ይዤ ስጠጋ፣ «የእኔን ሥራ ልትፈትሽ ነው? ንፍጥህን የጠረግሁልህን?» አለኝ፣ ሠራተኞቹ እየሰሙ። ዓይኑ መድከሙን አውቃለሁ። ግን አፈርኩ። «ኧረ ጋሼ፣ አንተንማ» ብዬ መፍቻውን አስቀመጥኩ።

ሚኒባሱ መገናኛ ሳይደርስ ጎማው ወለቀ። ሹፌሩ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ።

በማግስቱ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ፣ ጥፋቴን ለቤተሰቡ ልናገር ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው ሚስቱ መጽሐፍ ቅዱሴን ብብቴ ሥር አይታ «ሊጸልዩለት ነው?» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ «አዎ» አልኩ። ተንበርክኬ ጸለይኩ፤ ጌታ ሆይ አልኩ፣ ማንነቴን ግን ለእሷ መናገር አቃተኝ። ልወጣ ስል እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ሳያውቁን መጡ፤ የጋራዡ ሰዎች እንኳ ዝር አላሉም።»