ደወሉ ከተነቀለ ወዲህ

«እንዴት ዋሉ እማማ? ፊትዎ ዛሬ ወዝ ወዝ ብሏል እኮ! መስኮቱን ልክፈትልዎት? ፀሐይዋ እንዲህ ደስ ስትል መታፈን ምን ያደርጋል... በሩንም ገርበብ እናድርገው፤ ነፋስ ይግባ።»

ለነፋስ አልነበረም። የአረጋውያን መጦሪያው ኃላፊ ከሌላ መጦሪያ የመጡ እንግዶች አስከትለው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ የሠራተኛ እጥረቱን እንዴት እንደፈቱት እያስረዷቸው ነው። ነርሷ ፎቁን ብቻዋን ይዛለች። ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወድቀው ያገኘቻቸውን አሮጊት የቆሰለ ጉልበት ልታጥብ ተንበረከከች። ድምፅዋን ማር አስመስላ፣ ከወትሮው ከፍ አድርጋ ቀጠለች።

«ትንሽ ያቃጥልዎታል፤ አይዞዎት። እስኪያልፍ ላጫውትዎት። አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ... ስም ምን ያደርጋል? ሥራቸው ይናገር የለ! እኛማ ያልገባን ነበርን። ‹እጅ አጠረን፣ ሰው ይጨመርልን› እያልን ስንጨቀጭቃቸው፣ እሳቸው በትዕግሥት ሰምተው ሰምተው... ቀና ብለው ደወሉን አዩት። በየአልጋው ራስጌ የነበረውን። ደወሉ ይጮሃል፣ የሚመጣ የለም፣ ልጆቻችሁ ያማርራሉ። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? ደወሉ ነዋ! ከሥሩ አስነቀሉት። ችግርን እንዲህ ከሥሩ የሚነቅል ሰው አይተው ያውቃሉ?

ይኸው ከዚያ ወዲህ ያልተመለሰ ጥሪ የሚባል የለም። ከየት ይመጣል? እጥረት ሲባል የሰው መስሎን ነበር እኮ... ለካ የጸጥታ ኖሯል።

ደግሞ አንጀታቸው! ጓደኞቼ ‹ወገባችን ተቆረጠ› ሲሏቸው፣ ‹እኛ ቤተሰብ ነን፤ በሬ ሁሌም ክፍት ነው› አሏቸው። ክፍትማ ነበር... በዚያው ወጡ። እኔን ደግሞ ‹አንቺኮ ለአምስት ትበቂያለሽ› ይሉኛል። ከዚህ በላይ ምስጋና አለ? አምስት ቦታ ባንዴ መቆም ብቻ አልሆንልሽ አለኝ፤ የራሴ ስንፍና ነው። ጠዋት እርስዎ ሲጣሩ እኔ ከኮሪደሩ ማዶ የአንዱን አባባ ወገብ ደግፌ ቆሜ ነበር። አልሰማሁዎትም እማማ። ወለሉ ላይ ሳገኝዎት እጅዎ በረዶ ሆኖ... ኧረ ተይኝ ምላሴ! የሰው ጨዋታ ልታበላሺ?

አመመዎት? እኔን! በቃ፣ ልጠቀልለው ነው።

ይስሙማ፣ ኮሪደሩ ላይ ‹ያለ አንድ ተጨማሪ ሰው ፈታነው› እያሉ ነው። ሐቃቸውን ነው። እንግዶቹም አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ፤ ነገ እነሱም ሄደው ይነቅላሉ። ሰው ጠፋ ሲባል እኔ አይገባኝም ነበር... እሳቸውን እያየሁ ነው የገባኝ።

ጨረስን። እስቲ እንመርቃቸው እማማ፤ የእርስዎ ምርቃት ይደርሳል። ዕድሜውን ያርዝምላቸው፤ ፀጉራቸው ጥጥ ይምሰል። ጉልበታቸው ሲደክም ሌላ ቦታ አያንከራትታቸው፤ እዚሁ፣ በገዛ እጃቸው ባቀኑት ቤት ይጦሩ። አንሶላቸው የነጣ፣ አልጋቸው የለሰለሰ ይሁን። አሜን ይበሉ እማማ፣ ጮክ ብለው... በተጣሩም ቁጥር፣ ሰላማቸውን የሚያደፈርስ የአንድ ሰው ኮቴ እንኳ አይስሙ።»